ታብሌቷ ወደቀች እንጂ አልሞተችም

ለፈተና የሚዘጋጁ ልጆች ሰሞኑን ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ቲቸር፣ ታብሌቴ ከወደቀች ወዲህ ዋይፋይ አልይዝ አለች፤ ልሽጣት?»

ኧረ አትሽጧት! የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። አንዱ «ሪሴት አድርጋት» ይላል፣ ሌላው ሳይከፍት «ቦርዷ ተቃጥሏል» ይላል። ከይጁቤ ደብረ ማርቆስ ትራንስፖርት ከፍላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ራሳችሁ መርምሩ። የጓደኛ ስልክ ብቻ ይበቃል።

1. ቀኑን እዩ። አንዳንዶቻችሁ በእኛ ዓመተ ምሕረት ትሞሉታላችሁ። ታብሌቷ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ስለምትቀር ዋይፋይ ይዛም ገጾች አልከፍት ይላሉ። ይሄ ከመውደቅ ጋር አይገናኝም፤ በፈረንጆቹ ቀን አስተካክሉት።

2. የዋይፋዩን ስም እያየች ካልገባች «ፎርጌት» ብላችሁ ፓስዎርዱን እንደገና አስገቡ።

3. የጓደኛችሁን ሆትስፖት አስከፍቱና ስልኩን አጠገቧ አድርጉት። አጠገቧ ሲሆን ይዛ ሁለት ሦስት ሜትር ሲርቅ ከጠፋባት፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ አንቴናው ነው። በብዙ ታብሌቶች አንቴናውን ከቦርዱ የሚያገናኘው ቀጭን ሽቦ እንደ ጃኬት ቁልፍ ተጭኖ የሚገባ ነው፤ ስትወድቅ ሊነቀል ይችላል። ለሚያውቅ ሰው ጀርባዋን ከፍቶ መልሶ መጫን ነው። ሪሴት የተነቀለ ሽቦ አይመልስም፤ ኖታችሁን ግን ያጠፋዋል!

4. የዋይፋይ ማብሪያው ራሱ አልበራ ካለና ብሉቱዙም አብሮ ከጠፋ ነገሩ ከበድ ይላል፤ ሁለቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ቺፕ ላይ ናቸው። አጥፍታችሁ አብሩ፣ ካልሆነ ባለሙያ ጋ ውሰዱ።

ባትሪዋ ካበጠ ግን በፍጹም አትክፈቷት፤ ቻርጅም አታድርጓት።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ይሰጣል። ነገ የሁሉም መሆኑ አይቀርም። እኛ ግን ዛሬም በአይሲቲ ክፍለ ጊዜ «ኮምፒውተር ማለት…» እያልን ትርጉም እናስጽፋለን፤ የተበላሸው ዕቃ ስቶር ውስጥ ተቆልፎበት አቧራ ይጠጣል። ልጆች ዕቃ ያበላሻሉ ብለን እንፈራለን። የተበላሸውን ምን ያበላሹታል?

በፈረንጆቹ 2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ያለ አስተማሪ ታብሌት ሰጥቶ ነበር። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ ልጆቹ በጥቂት ወራት ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው አስከፍተውታል። የእኛዎቹ በምን ያንሳሉ?

እኔ የምለው ቀላል ነው። በየትምህርት ቤቱ አይሲቲ ክበብ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የትንንሽ መፍቻ ስብስብ፣ ጥቂት የተበላሹ ታብሌቶችና ስልኮች ይኑሩ። ልጆቹ አስተማሪ ባለበት ከፍተው ይዩ፣ ይግጠሙ። ከዚያ «ቦርዷ ተቃጥሏል» የሚላቸውን ሰው «እስኪ አሳየኝ» ይሉታል። እንዲህ የሚጠየቅ ጠጋኝም ሥራውን ያሻሽላል፤ ሐቀኛውም ይከበራል።

መሳቢያችሁ ውስጥ የተበላሸ ታብሌት ወይም ስልክ ያላችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ላለ ትምህርት ቤት ስጡ። ሲም ካርዱንና ፎቷችሁን ማውጣት እንዳትረሱ ብቻ!