ግድግዳውን ከመምታታችሁ በፊት

በዚህ ወር የማጫውታችሁ ስለ ቤታችን የውጭ ግድግዳ ነው። “የፓስተር ሚስት ስለ ግድግዳ ምን አገባት?” እንዳትሉኝ። ባለፉት ዓመታት ከባለቤቴ ጋር ካነሣናቸው ክርክሮች ሁሉ ረጅሙ የተነሣው በዚህ ግድግዳ ምክንያት ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ልጃችንን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መስከረም አጋማሽ ላይ እንደሚመጡ ተነገረን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቴን በሽማግሌዎቹ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ከግድግዳው ግርጌ እስከ ጉልበት ድረስ ዝናብ የረጨው ጭቃ አለ። በደቡብ በኩል አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። ከአሸንዳው በታች ደግሞ ጥቁር መስመር እንደ እንባ ወርዷል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

አዳማ እንደ ጅማ እርጥብ አገር አይደለችም። የእኛ ችግር ነፋስና አቧራ ነው። ከተማችን የነፋስ አገር መሆኗን ከኮረብታዎቹ ላይ የቆሙት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ይመሰክራሉ፤ አዳማ 1 እና በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ 2 በአንድነት 204 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተሠሩ ናቸው። ያ ነፋስ በጋውን ሙሉ አቧራውን አምጥቶ ሻካራው ልስን ላይ ያስቀምጠዋል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲመጣ አቧራው ይርስና ለሽበትና ለሻጋታ እንደ አፈር ይሆንላቸዋል። በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ያላችሁ እህቶችም ይህን በየቤታችሁ ሳታዩት አትቀሩም።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ ከአትላንታ ለእረፍት መጥቶ ነበር። “እኛ ጋ የበጋው ሙቀትና እርጥበት ቤቱን አረንጓዴ ያደርገዋል። ባለሙያ ይመጣና በማሽን ያጥበዋል፤ በግማሽ ቀን አዲስ ቤት ይመስላል” አለኝ። እኔም ወዲያው በላቫጆ ቤት መኪና የሚታጠብበት ማሽን ትዝ አለኝ።

ለባለቤቴ ስነግረው፣ “መጀመሪያ አሸንዳውን እናስጠግን። ገንዘቡንም ያስቀመጥነው ለእሱ ነው” አለኝ። እኔ ግን፣ “ሽማግሌ አሸንዳ ሊያይ አይመጣም!” ብዬ መለስኩለት። ዝም አለ። ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠርኩት። በማግሥቱ ለአገልግሎት ወደ መቂ ሲሄድ፣ እኔ ማሽን ያላቸውን ሁለት ወጣቶች ጠራሁ።

ልጆቹ ትጉሆች ነበሩ፤ እነሱን አልወቅስም። ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ሰዓት ደስታ በደስታ ነበር። ጭቃው ተጠርጎ ሄደ፣ ሽበቱም ለቀቀ፣ የግድግዳው ቀለም ወጣ። ከዚያ ወደ ጓሮ፣ አማቴ ወደሚያድሩበት ሰርቪስ ቤት ዞሩ። ያ ቤት ዕድሜው የቆየ ነው። ከላይ በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ስለተቀባ ብሎኬት ይመስላል እንጂ ውስጡ እንጨትና በጤፍ ጭድ የቦካ ጭቃ ነው። ውሃው ገና ሲነካው ልስኑ ከምጣድ ላይ እንደሚነሣ እንጀራ ተነሥቶ ወደቀ። ልጆቹ ማሽኑን እስኪያጠፉ ጭቃው መሟሟት ጀምሮ ነበር።

አማቴ ነጠላቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። አልተቆጡም። “ልጄ፣ የጭቃ ግድግዳ ይዳበሳል እንጂ አይመታም” አሉኝ። ያንን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ባለቤቴ ማታ ሲመለስ ግድግዳውን አየ። አንዲት ቃል አልተናገረም። የእናቱን ፍራሽ አንሥቶ ወደ መኝታ ቤታችን አስገባ። እኛ ሳሎን መሬት ላይ አነጠፍን። ያ እርጥብ ግድግዳ እስኪደርቅና እንደገና እስኪመረግ ከወር በላይ ፈጀ። አማቴም ያን ሰሞን ሳል ያዛቸው። እኔ ደግሞ ሌሊት ሳላቸውን በሰማሁ ቁጥር ሽማግሌዎቹን ሳይሆን እሳቸውን ማስቀደም እንደነበረብኝ አስብ ነበር።

በዚህም አላበቃም። ሳምንት ሳይሞላ የዋናው ቤት ቀለም ማበጥ ጀመረ። ከውስጥ በኩል ደግሞ ግድግዳው ነጭ ጨው አወጣ።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ መጡ። ከእነሱ አንዱ በሥራ ዘመናቸው ግንበኛ የነበሩ አባት ናቸው። ከበር ገብተው ሰላምታ እንደሰጡን ቀና ብለው ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? አሸንዳውን! “ይሄ ቀዳዳ ሳይደፈን ግድግዳው አይነጣም” አሉ። ባለቤቴ ወደ እኔ አላየም። ባለማየቱ አመሰገንኩት።

ከቡና በኋላ ምክንያቱን አንድ በአንድ አስረዱን። ለእናንተም ይጠቅማችኋልና ልንገራችሁ። በእኛ አካባቢ ብዙው ብሎኬት የሚሠራው ፑሚስ ከሚባለው ቀላል ድንጋይ ነው። ፑሚስ ቀላል የሆነው ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ውሃ ይመጣል። ከላይ የለበሰው ልስን ደግሞ ዓይን የማያያቸው ስንጥቆች አሉት። የቤት ቧንቧ ግፊት ጥቂት ባር ብቻ ነው፤ የማጠቢያው ማሽን ግን ከ100 ባር በላይ ይገፋል። ያ ኃይል ውሃውን በስንጥቆቹ ወደ ውስጥ ይነዳዋል። በኋላ ፀሐይ ግድግዳውን ስታሞቀው የገባው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከጀርባ እየገፋ ያሳብጠዋል። ሲደርቅ ደግሞ ከብሎኬቱና ከሲሚንቶው ያሟሟውን ጨው ላዩ ላይ ጥሎ ይሄዳል።

ሽበቱ ለምን በደቡብ በኩል ብቻ በቀለ? ለዚህም መልስ አለው። በአዳማ ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ በቀትር የምታልፈው ከእኛ በስተ ሰሜን ነው። ስለዚህ የደቡቡ ግድግዳ ክረምቱን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይቆያል። መስከረም ሲጠባ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ትዞራለች፤ በጥቅምት ያ ግድግዳ በቂ ብርሃን ያገኛል፣ ሽበቱም ደርቆ በብሩሽ ይረግፋል። ትንሽ ብታገሥ ኖሮ ግማሹን ሥራ ፀሐይ ትሠራልኝ ነበር።

ወንድሜም ወደ አትላንታ ከተመለሰ በኋላ የራሱን አጣቢ ጠይቆ ደወለልኝ። እዚያም ጠንቃቃ ባለሙያ ከፍተኛውን ግፊት የሚጠቀመው ለሲሚንቶ መሬት ነው። ግድግዳውን የማጠቢያ ፈሳሽ ቀብተው፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው፣ በቀስታ ውሃ ነው የሚያለቀልቁት። ወንድሜ ያየው ማሽኑን እንጂ አሠራሩን አልነበረም።

እንግዲህ እናንተ ቤታችሁን ልታጥቡ ስታስቡ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ እወቁ። በጣታችሁ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ካሰማ ልስኑ ለቋልና ውሃ አታስነኩት። የጭቃ ቤት ከሆነ ማሽን አይቅረበው፤ በደረቅ መጥረጊያ አቧራውን አራግፉ፣ የተቦረቦረውን ምረጉ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጥቅምትን ጠብቁ። በጠንካራ ልስን ላይ ሽበት ካስቸገራችሁ አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ፣ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩት። ከታች ወደ ላይ ቀቡት፣ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ከላይ ወደ ታች በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። አጠገቡ ያሉትን አትክልቶች አስቀድማችሁ ውሃ አጠጧቸው። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ማሽኑ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ለሲሚንቶ ግቢ፣ ለድንጋይ አጥርና ለደረጃ ጥሩ አገልጋይ ነው። ነገር ግን ሠራተኛው ውሃውን እንደ ማራገቢያ በሚዘረጋው ጫፍ፣ ራቅ ብሎ ይጠቀም። ወደ ቆጣሪ፣ ወደ ሶኬት፣ ወደ መስኮትና ወደ ቆርቆሮው ሥር አይርጭ። ውሃው የሰው ቆዳ ሊበሳ ስለሚችል ልጆችን አርቁ። የሚረግፈውንም አሮጌ ቀለም ሰብስባችሁ አስወግዱ፤ ቀድሞ የተሠሩ ቀለሞች ልጆችን የሚጎዳ እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል። አገራችን በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ የሚገድብ ደንብ ያወጣችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው።

ከዚያ ሁሉ በኋላ አንድ ማለዳ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14ን ከቁጥር 33 ጀምሮ አነበብኩ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ለፈተና ያጠናሁት፣ ከዚያ ወዲህ ግን ያለፍኩት ክፍል ነው። በቤት ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ምልክት ሲታይ ምን እንደሚደረግ ይናገራል። ባለቤቱ ሄዶ ለካህኑ ይነግረዋል። ካህኑ ከመግባቱ በፊት ቤቱ ባዶ ይደረጋል። ከዚያ ያያል፤ ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋል፤ ተመልሶም ያያል። ድንጋይ የሚነቀለውና ልስን የሚፋቀው ከዚህ በኋላ ነው። መናገር፣ ማየት፣ መጠበቅ፣ ደግሞ ማየት ይቀድማሉ። እኔ አራቱንም ዘልዬ ነበር። ለባለቤቴ ሳልነግር፣ ምንጩን ሳላይ፣ ሳልጠብቅ በውሃ መታሁት።

ያን ዕለት ማታ ባለቤቴን ይቅርታ ጠየቅሁት። ስለ ገንዘቡ መስሎት፣ “ገንዘብ ይተካል” አለኝ። “ስለ ገንዘቡ አይደለም፤ አንተ የሌለህበትን ቀን መርጬ ስለ ጠራኋቸው ነው” አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ “እኔም ዝም ከማለት ይልቅ አይሆንም ማለት ነበረብኝ” አለኝ። አሸንዳችን ሁለት ነበር ማለት ነው፤ አንዱ ጣሪያው ላይ፣ ሌላው በመካከላችን።

የጣሪያውን ኅዳር ላይ ከደመወዝ ቆጥበን አስጠገንነው። የአማቴን ክፍል እኔና ልጄ ጭቃ አቡክተን መረግነው፤ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው “እዚህ ጋ ሳሳ፣ እዚያ ጋ ወፈረ” እያሉ አሠሩን። ልጃችንም በሰላም ተዳረች። ሽማግሌዎቹ ስለ ሽበቱ አንድም ቃል አላነሡም።

እናንተስ፣ በቤታችሁ ደጋግማችሁ የምታጥቡት፣ ግን ተመልሶ የሚመጣ እድፍ አለ? ዛሬ ማታ ባልና ሚስት ሆናችሁ ከደጅ ቁሙና አብራችሁ ቀና በሉ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ ማሽን አትጥሩ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ። ተባረኩ።