ሕጉ በማን ላይ ይጽና?

በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በጎዳና ላይ የሚደረገውን ልመናና ሴተኛ አዳሪነት የሚከለክል ረቂቅ ሕግ መዘጋጀቱን ባስታወቀ ጊዜ፥ ሴቲቱ ትቀጣ ወይስ አትቀጣ የሚለው የቆየ ክርክር ታደሰ። ክርክሩ ለአርባ ምንጭም ባዕድ አይደለም፤ የጋሞ ዞን ዋና ከተማ፥ የሙዝ ጫኝና የጎብኚ ማረፊያ ናትና። መንገደኛ በሚያድርበት ሁሉ ድህነት ያስጨነቃት ሴት መገኘቷ አይቀርም።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሴቲቱን ስለ ሥራዋ ብቻ ወንጀለኛ አላላትም፤ በእርስዋ ገላ የሚነግደውን አቃጣሪ ግን ቀጥቷል። ይህም ኃጢአትን ጽድቅ ማለት ሳይሆን፥ የኃጢአቱ ነገር ለንስሐ አባት፥ የግፉ ነገር ለዳኛ መሆኑን መለየት ነው።

ከጎዳና የተባረረች ሴት ወደ ጨለማው ጓሮ ትገባለች እንጂ እንጀራ አታገኝም፤ በተደበደበችም ጊዜ ቅጣቱን ፈርታ ለዳኛ አትጮኽም። እንደ ማናቸውም ንግድ ይፈቀድ የሚሉትም ለአቃጣሪው የንግድ ፈቃድ እንዳያወጡለት ያስተውሉ።

በዚያው በ2011 ዓ.ም. የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ለበቀል የተነሣውን ወጣት መልሰዋል። ይኸው የተከበረ ቃላቸው ልጁን ለደላላ የሚሰጠውን ወላጅ ቢገሥጽ ብዙ ያድናል። ሹማምንት ሕጉን በደላላውና በአቃጣሪው ላይ ያጽኑ፤ ለሴቲቱም ሥራ ያዘጋጁ። ግብፃዊት ማርያምን ከቅዱሳን የምትቆጥር ቤተ ክርስቲያንም ለተመላሺቱ ደጇን አትዝጋ።