ሁልጊዜ የሚጮህ ደወል ምን ይነግረናል?

በ1997 ዓ.ም. የበጋ ወራት በአንዱ ቅዳሜ ተማሪዎቻችንን ይዘን ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። እንደሚታወቀው ዘጌ ወደ ጣና ሐይቅ የገባች፣ በቡና ደኗና በጥንታውያን ገዳማቷ ስሟ የሚነሣ ባሕረ ገብ መሬት ናት። የጉዟችን ዓላማ ቀላል ነበር፤ በቡናው ደን ጥላ ሥር ያለውን የአየር ሙቀትና ጥላ በሌለው የሐይቁ ዳርቻ ያለውን በየአሥር ደቂቃው እየለካን ማነጻጸር ነው። ያን ጊዜ ወጣት ረዳት መምህር ነበርን። አንድ ዘመዳችን ሲገለገልበት ቆይቶ ከውጭ አገር የላከልንን የኪስ ኮምፒዩተርም በኩራት ይዘን ነበር። ከጫካው ቡድን ጋር ሆነን ልኬቱን በዚሁ መሣሪያ እንመዘግብ ጀመር።

መሣሪያው ግን ዝም ብሎ የሚመዘግብ አልነበረም። የቀድሞ ባለቤቱ የያዛቸው ቀጠሮዎች አልተሰረዙም ነበርና፣ በቡና ዛፎች መካከል ቆመን ሳለ በሌላ አህጉር ያለ የጥርስ ሐኪም እንደሚጠብቀን አስታወሰን። ጥቂት ቆይቶ ማስታወሻው ሊሞላ መቃረቡን ነገረን። ቀጥሎ ሌላ ቀጠሮ፣ ቀጥሎ ሌላ ማሳሰቢያ መጣ። በጮኸ ቁጥር ሰንጠረዣችን በመልእክት ሳጥን ይሸፈናል፤ ሳጥኑን ለማስወገድም በቀጭኗ ብዕር “እሺ” የሚለውን ቦታ መንካት ግድ ነው። ከአምስተኛው ጩኸት በኋላ መልእክቱን ማንበብ ትተን “እሺ” ብቻ እንል ጀመር። ሳናነብ ካሰናበትናቸው አንዱ ባትሪው ሊያልቅ መሆኑን የሚናገር እንደነበረ የተረዳነው ስክሪኑ ሲጨልም ነው።

የዚያ ዘመን የኪስ ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ የተጠቃሚውን መረጃ የሚያኖሩት ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ማስታወሻ ውስጥ ነበር። ባትሪው ፈጽሞ ሲያልቅ መረጃውም አብሮት ይሄዳል። ማታ ባሕር ዳር ተመልሰን መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ጋር ስናገናኘው በመጀመሪያ ያሳየን ነገር ትልቅ የባትሪ ሥዕል ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። የጫካው ልኬት በሙሉ ጠፍቷል። የዳርቻው ልኬት ግን ተርፏል፤ በፀሐይ ብርሃን ስክሪኑ ስለማይነበብ የዚያ ቡድን ተማሪዎች በእርሳስና በደብተር ጽፈው ነበርና። እጃችን ላይ የቀረው የሚነጻጸርበት አቻ የሌለው ግማሽ ልኬት ነበር።

በዚያ ምሽት የወቀስነው ራሳችንን ነው። “መሣሪያውን አላወቅንበትም” አልን፤ ተማሪዎቻችንም በአክብሮት ዝም አሉ። ዛሬ ግን ይህ ወቀሳ ቦታውን የሳተ ነበር ብለን እናምናለን። ስሕተቱ የተጠነሰሰው መሣሪያው በተነደፈበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮንና የመረጃ መጥፋትን በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ በአንድ ዓይነት ሳጥን፣ በአንድ ዓይነት “እሺ” የሚያቀርብ መሣሪያ ተጠቃሚውን ማንበብ እንዲተው ያስተምረዋል።

ይህ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ሒሳብም አለው። አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ምልክት የሚያስተላልፈው መረጃ የሚለካው ለመከሰት ባለው ዕድል ነው። ብዙም የማይጠበቅ ምልክት ብዙ ይነግረናል፤ መምጣቱ የተረጋገጠ ምልክት ግን የሚነግረን መረጃ ዜሮ ነው። ለምሳሌ አንድ ስልክ በቀን 40 ጊዜ ቢጮህና ከእነዚህ አፋጣኝ መልስ የሚሻው 1 ብቻ ቢሆን፣ በአንዱ ጩኸት ስልካችንን ብናወጣ የምንፈልገውን የማግኘት ዕድላችን ከመቶ 2.5 ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ሁኔታ አለመመለስን የሚመርጥ ሰው ሰነፍ አይባልም፤ አእምሮው ሒሳቡን ሠርቷል። “ጅብ መጣ” እያለ መንደሩን ሲያታልል የኖረውን እረኛ ጎረቤቶቹ የተዉት በዚሁ ምክንያት ነው።

በጣና ገዳማት ከድንጋይ የተሠሩ ደወሎች አሉ። ደወል ሲመታ የሰማ የአካባቢው ሰው ለምን እንደተመታ ያውቃል፤ የሚመታበት ጊዜና ምክንያት የታወቀ ነውና። ደወሉ ክብር ያገኘው በማይጮህበት ሰዓት ዝም ስለሚል ጭምር ነው። የኪስ መሣሪያዎች ነዳፊዎች የዘነጉት ይህንን ዝምታ ነው።

ጉዳዩ በደወል ብቻ አያበቃም። መሣሪያው ተጠቃሚውን አለማወቁ በፊደላችንም ታይቷል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተቋርጦ የቆየው የአጭር ጽሑፍ መልእክት አገልግሎት በ2000 ዓ.ም. መባቻ ሲመለስ፣ በብዙዎቻችን እጅ የነበሩት ስልኮች ፊደላችንን አይጽፉም፤ ከሌላ ቢላክላቸውም በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ያሳያሉ። ስለዚህ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ግድ ሆነ። በላቲን ፊደል “መጣ” እና “መታ” አንድ ናቸው፤ “ጠፋ” እና “ተፋ”ም እንዲሁ። “ወንድሜ መጣ” የሚለው የምሥራች “ወንድሜ መታ” ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ተማሪው መልእክቱን እንደገና ደውሎ ማረጋገጥ ካለበት የአጭር መልእክት ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው?

ምክንያቱን በቁጥር እንመልከት። በስልክ ላይ ፊደል የተመደበላቸው ቁልፎች 8 ነበሩ። የላቲኑ 26 ፊደላት ለእነዚህ ቢከፋፈሉ ለአንዱ ቁልፍ 3 ወይም 4 ይደርሰዋል። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ቤታቸው 231 ናቸው፤ ለአንዱ ቁልፍ 29 ያህል ይደርሰዋል። ከዚህም ሌላ የአንድ አጭር መልእክት መጠን 140 ባይት፣ ማለትም 1,120 ቢት ነው። ለአንድ የላቲን ፊደል 7 ቢት ሲበቃ 160 ፊደላት ይገባሉ፤ ለአንድ የግዕዝ ፊደል ግን 16 ቢት ስለሚያስፈልግ የሚገቡት 70 ብቻ ናቸው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ቦታ አግኝቷል፤ ነገር ግን በሰንጠረዥ መግባትና በእጅ ስልክ ላይ በቀላሉ መጻፍ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙ ዓመት ጠብቀን አየን።

ሰዓታችንም እንዲሁ። በባሕር ዳር አካባቢ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ስለዚህ ቀንን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ መቁጠር ለእኛ ምክንያታዊ ሥርዓት ነው። ለዶክትሬት ትምህርት በሰሜን አውሮፓ በቆየንበት ጊዜ በታኅሣሥ ፀሐይ ረፋድ ላይ ወጥታ ገና ከሰዓት በኋላ ስትጠልቅ አይተን፣ በዚያ ምድር ይህ አቆጣጠር እንደማይሆን ተረድተናል። እያንዳንዱ ሰዓት ለአገሩ ሰማይ ልክ ነው። የቀድሞዎቹ ስልኮች ግን የሚያውቁት አንዱን ብቻ ነበር። ለፈተና ሌሊት 11 ሰዓት ሊነሣ “11” ብሎ የሞላ ተማሪ ስልኩ የሚቀሰቅሰው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ነው።

በቀን መቁጠሪያም ተመሳሳይ ችግር ነበር። እንቁጣጣሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ በየ4 ዓመቱ ግን ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ወደ 12 ይዞራል። በስልኩ ላይ “በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11 አስታውሰኝ” ብሎ ያስመዘገበ ሰው እ.ኤ.አ. በ2007 ስልኩ በአንድ ቀን ቀድሞ ጮኾበታል። ያ ዓመት ደግሞ አገር በሙሉ ሚሊኒየሙን የሚጠብቅበት ዓመት ነበር።

ዛሬ ብዙው ተሻሽሏል። በስልኮቻችን ላይ በፊደላችን እንጽፋለን፤ የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ የሚያሳዩ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ባትሪ ስላለቀ መረጃ መጥፋቱም ቀርቷል። የደወሉ ነገር ግን ከመሻሻል ይልቅ ብሶበታል። ማስታወቂያው፣ ጨዋታው፣ የማናውቀው ሰው ያስቀመጠው ፎቶግራፍ፣ ከቤት የመጣ የሕመም ወሬ ሁሉም በአንድ ኪስ ውስጥ ይጮኻሉ። ያኔ የጠፋብን የግማሽ ቀን ልኬት ነበር። አሁን የሚጠፋው የተማሪው ያልተቆራረጠ የማንበቢያ ሰዓት ነው፤ ይህም ተመልሶ አይለካም።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች ሆይ፣ አንድ ቀላል ሙከራ እንድትሠሩ እንጠይቃችኋለን። ለአንድ ሳምንት ስልካችሁ በጮኸ ቁጥር በደብተራችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፤ ሰዓቱን፣ የጮኸበትን ምክንያትና በዚያው ቅጽበት ማወቃችሁ ያስፈልግ እንደነበር ወይም እንዳልነበር። በሳምንቱ መጨረሻ የሚያስፈልጉትን ለጠቅላላው ብዛት አካፍሉ። የምታገኙት ቁጥር የስልካችሁ የአመቺነት ልክ ነው። ቁጥሩ አነስተኛ ከሆነ ደወሎቹን አንድ በአንድ ዝጉ፤ የቤተሰብን ብቻ ተዉ።

ኮምፒዩተር ሳይንስ የምታጠኑ ደግሞ ነገ የምትነድፉት ፕሮግራም በሰው ኪስ ውስጥ እንዲጮህ ከማድረጋችሁ በፊት፣ ያ ሰው በምን ፊደል እንደሚጽፍ፣ ቀኑን ከየት እንደሚቆጥርና ደወሉን ሲሰማ ምን ሲሠራ እንደሚሆን ጠይቁ። ተጠቃሚው ሲሳሳት “አላወቀበትም” ለማለት አትቸኩሉ።

እኛም በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ዘጌ ተመልሰን የሁለቱንም ቦታ ሙቀት እንደገና ለካን። በዚያን ዕለት የኪስ ኮምፒዩተሩ ባሕር ዳር፣ በመሳቢያ ውስጥ ነበር።