ወኔው እስኪመጣ አንጠብቅ

በዚህ ወር የማነሳው ስፖርት ጀምረው ስላቋረጡ ሰዎች ነው። የእግር ጉዞ ጀምረው፣ አራትና አምስት ኪሎ ቀንሰው፣ ከዚያም ረመዷን፣ ወሊድ ወይም የልጅ ሕመም መሐል ገብቶ ያቆሙ እህቶችና ወንድሞች ብዙ ናቸው። ኪሎው ሲመለስባቸው ወደ ፋርማሲ ብቅ ይሉና «ፍላጎቱ ጠፋብኝ፤ የሚያከሳ መድኃኒት የለም ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል።

በእጅ በእጅ የሚሸጡትን «የሚያከሱ» ሻዮችና እንክብሎች በፍጹም አልመክርም። በተለያዩ አገሮች ሲመረመሩ ሲቡትራሚን የተባለ መድኃኒት በድብቅ የተቀላቀለባቸው ተገኝተዋል። ይህ መድኃኒት በልብ ላይ በሚያስከትለው አደጋ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ እንዲወጣ ተደርጓል። ሌሎቹ ሆድ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ ሚዛኑን የሚያቀሉት ውኃ በማስወጣት እንጂ ስብ በማቅለጥ አይደለም። አሁን ብዙ የሚወራለት የሴማግሉታይድ መርፌ በሐኪም ትዕዛዝ ሲወሰድ በእርግጥ ይሠራል። ሲያቆሙት ግን ከቀነሰው ኪሎ አብዛኛው ይመለሳል።

ወደ ፍላጎቱ ልመለስ። ያቋረጠን ሰው ሰነፍ ማለት ይቀናናል፤ እኔ አልስማማም። ችግሩ፣ ወኔው ቀድሞ ይመጣና እግራችን ይከተላል ብለን መጠበቃችን ይመስለኛል። ለሱብሕ ሶላት የምንነሳው እንቅልፍ ጠግበን ነው እንዴ? ሰዓቱ ስለደረሰ ነው። የእግር ጉዞም ሰዓት ይፈልጋል። ዐስርን ሰግደው ሲወጡ አንድ ፌርማታ በታክሲ ከመሄድ በእግር የሚሄድ ሰው፣ ዛሬ ልሂድ ወይስ ልተው እያለ ከራሱ ጋር አይሟገትም። የመራመድ ፍላጎቱም ብዙውን ጊዜ ከተጀመረ በኋላ ነው የሚመጣው።

ሌላው የሚያሰናክለው፣ ካቆሙበት ለመቀጠል መሞከር ነው። ድሮ አንድ ሰዓት ይራመድ የነበረ ሰው በመጀመሪያው ቀን ያንኑ ሰዓት ይራመዳል። በማግስቱ ጉልበቱን ያመዋል፣ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ይቀራል። ሰውነት ልምምዱን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለሚረሳ ከድሮው ግማሽ ወይም ከዚያም ባነሰ መጀመር ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ደግሞ አጫጭር እንቅስቃሴዎችም እንደሚቆጠሩ ገልጿል። ስለዚህ ከምሳና ከእራት በኋላ አሥር አሥር ደቂቃ መራመድ ቀልድ አይደለም፤ የደም ስኳርንም ያወርዳል።

ጥቅሙን ለሚጠራጠር አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው የአሜሪካ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች የክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሞከሩ። በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የወሰዱት ግን የቀነሰላቸው 31 በመቶ ነው። ሰባት በመቶ ማለት 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አምስት ኪሎ ተኩል ያህል ነው።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ሳምቡሳና ሙሸበክ ዘይት እንደሚጠጡ ሁላችንም እናውቃለን። የምንዘነጋው ሻዩን ነው። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ በቀን አምስት ጊዜ የሚጠጣ ሰው 60 ግራም ገደማ ስኳር ወስዷል፤ ይኸውም 240 ካሎሪ ነው። ይህን ለማቃጠል ፈጠን ብሎ አንድ ሰዓት ያህል መራመድ ያስፈልጋል። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ምላስንም አያስቆጣም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የእናቶች ጉዳይ ነው። «ቀኑን ሙሉ ስትንቀሳቀሺ አይደል የምትውዪው!» ይባላሉ። እውነት ነው፣ ይደክማሉ። ነገር ግን ምድጃ ፊት ቆሞ መዋልና ትንፋሽ እስኪጨምር መራመድ ለልብ አንድ አይደሉም። ባል ልጁን ለግማሽ ሰዓት ቢይዝላት የእኔን ምክር ሁሉ የሚያስንቅ እርዳታ ነው። ብቻዋን መውጣት የከበዳት ከጎረቤቶቿ ጋር ብትወጣ ትበረታለች፤ ዐባያዋ እንዳያደናቅፋት ከፍ ያለ፣ ጫማዋም ዝቅ ያለ ይሁን። የመስጊድ ኮሚቴዎችስ ሰፊ ግቢ ባለበት በሶላት መካከል ባለው ጊዜ ለሴቶች የመራመጃ ሰዓት ቢመድቡ ምን ይከብዳል? ወጪ የለውም። እናቶቻችን በስኳርና በደም ግፊት ሲታመሙ ለመድኃኒት ገንዘብ ከማዋጣት ይቀላል።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ፣ ስትራመዱ ስኳራችሁ ሊወርድ ስለሚችል ከረሜላ በኪሳችሁ ያዙ። ክብደት ስትቀንሱ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊያስፈልገው ስለሚችል ሐኪማችሁን አማክሩ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ። በጉዞ ላይ ደረቱን የጨመደደው ሰው ወዲያው ቆሞ ወደ ሕክምና ይሂድ።