አሮጌው ላንድ ክሩዘር ይሸጥ ወይስ ይቆይ?

በእኛ ቤት ሰሞኑን ወሬው ሁሉ መኪና ሆኗል። ለዓመታት የነዳነውን ባለ 100 ላንድ ክሩዘር ሸጠን፣ ያጠራቀምናትን ጨምረን «ሲል» የተባለውን የቢዋይዲ ኤሌክትሪክ መኪና እንግዛ ወይስ ይቅርብን? ትልቁ ልጃችን ከወሰነ ቆይቷል። «ባባ፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትተው ሞዴል ከቆመበት ተነስቶ መቶ የሚገባው በ3.8 ሰከንድ ነው እኮ!» ይለኛል። እኔም ከቦሌ መገናኛ ለመድረስ አንዳንዴ አንድ ሰዓት በሚፈጅበት ከተማ ያቺን 3.8 ሰከንድ የት እንደምጠቀምባት እጠይቀዋለሁ።

ባለቤቴ ስለ ፍጥነት አታወራም፤ የእሷ ነገር ሒሳብ ነው። በቀን 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንነዳለን። የእኛ ላንድ ክሩዘር በከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል፤ ይህም በቀን 4 ሊትር ገደማ ነው። የኤሌክትሪኩ መኪና ለዚያው ጉዞ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ቢበቃው ነው። ማታ ተራ ሶኬት ላይ ቢሰካ በሦስት ሰዓት ይሞላል። የዘይት ቅያሪ የለ፣ የነዳጅ ማደያ ሰልፍ የለ። መብራት አንድ ሌሊት ቢጠፋ እንኳ ባትሪው ውስጥ የብዙ ቀን ጉዞ ተቀምጧል። ይህን ስትዘረዝርልኝ የምመልሰው አጣለሁ።

እኔ ግን የጋዝጊብላ ልጅ ነኝ። እናቴ ያለችው አስከተማ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በደሴ፣ በወልድያ፣ ከዚያም በላሊበላ ዞሮ የሚደርስ መንገድ ነው። «ሲል» በ82.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪው በአውሮፓ መለኪያ 520 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ተጽፎለታል። ከአዲስ አበባ ወልድያ ደግሞ 521 ኪሎ ሜትር ነው። የተጻፈውን ሁሉ ቢያሟላልን እንኳ የዋግ ዳገት ሳይጀመር ባትሪው ያልቃል። እርግጥ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ወደ ባትሪው ኃይል ይመልሳል፤ ዳገቱ ላይ የወሰደውን ሁሉ ግን አይመልስም።

እንደምንም ደረስን እንበል። አስከተማ ላይ ተራ ሶኬት ላይ ብንሰካው ባዶው ባትሪ እስኪሞላ ወደ 40 ሰዓት ይፈልጋል። ያውም መብራት ካለ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ዋግ ኽምራ ምን ያህል ያለ መብራት እንደከረመ አገሩ ያውቀዋል። ሌላው ነገር ወለሉ ነው። ባትሪው ከሥር ተነጥፎ ሆዱ ለመሬት የቀረበ መኪና ለድንጋይና ለጎርፍ ቦይ አይሆንም። አምና እናቴ ስትታመም ከወንድሜ ጋር በሌሊት ተነስተን፣ ከአስከተማ ሰቆጣ ሆስፒታል ያደረስናት በዚያው በአሮጌው ላንድ ክሩዘር ነው።

ታዲያ «ለዓመት በዓልና ለሻደይ ስትሄዱ ተከራዩ» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ቀኑ ለታወቀ ጉዞ ልክ ነው። ሕመምና ለቅሶ ግን ቀጠሮ አይሰጡም፤ ሌሊት ስልክ ሲደወል አከራይ ፍለጋ አይወጣም።

ልብ ልንለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ዛሬ ባንገዛ የዛሬ ዓመት እንገዛለን፤ ምናልባትም የተሻለ ባትሪ ያለው እናገኛለን። ላንድ ክሩዘሩን ከሸጥነው ግን እሱን የሚተካ መፈለግ ሌላ ጣጣ ነው። የእኛ ሰው መኪናውን የሚያከብረው በስሙ ብቻ አይደለም። ጠንካራ ሻሲ አለው፤ የተበላሸውን ማንኛውም መካኒክ ያውቀዋል፤ መለዋወጫው ሶማሌ ተራ አይጠፋም።

በመጨረሻ መላው የተገኘው ከመኪና ሻጭ ሳይሆን ከእድር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ እናት ልጆች የሆንን ሦስት ቤተሰቦች አለን። እሑድ ተሰብስበን ላንድ ክሩዘሩ የሦስታችንም እንዲሆን ተስማማን። ሁለቱ የድርሻቸውን ይከፍሉኛል፤ ኢንሹራንሱን፣ ጎማውንና ዓመታዊ ምርመራውን በየወሩ በምናዋጣት እንሸፍናለን። በዘፈቀደ የሚነዳው የለም፤ ታንከሩ ሙሉ ሆኖ ይቆማል፤ ባትሪው እንዳይሞት በየሳምንቱ ይነሳል። በእነሱ ድርሻና ባጠራቀምናት ለከተማው የኤሌክትሪክ መኪና እንገዛለን፤ «ሲል»ን ሳይሆን ዋጋው ዝቅ፣ ወለሉ ከፍ ያለውን። ልጄ ለአንድ ቀን አኩርፎ ነበር። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ናፍጣም ይጠጣ መብራት፣ ዳገቱን ካወጣህ ይበቃኛል» አለችኝ።

እንደኛ የምታመነቱ ካላችሁ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። መኪናው የሚያድርበት ግቢ የራሳችሁ ሶኬት አለው? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሽቦ ማውረድ አይቻልም። ያገለገለ ኤሌክትሪክ ከሆነ የባትሪው ጤንነት በመቶኛ ስንት ነው? በማሽን ተለክቶ ይታያችሁ፤ ዋስትናውም ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ መሆኑን በጽሑፍ ተቀበሉ። ሦስተኛው፣ ሌሊት ስልክ ቢደወል ወዴት ነው የምትሄዱት? መልሱ አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ከሆነ አሮጌውን ሳትሳሱ ሽጡት። መልሱ እንደ አስከተማ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወንድምና እህታችሁን ሰብስቡ።

መልካም ሳምንት!