ዕቃቃ ሲፈርስ፦ የሚና ምርጫ በልጆች ጨዋታ

ተጫዋች በጨዋታ ውስጥ የሚለብሰውን ገጸ ባሕርይ እንዴት ይመርጣል? ከመረጠውስ ጋር ያለው ዝምድና ምን ዓይነት ነው? ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ከታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ወዲህ ስለተስፋፉት የሚና ጨዋታዎች ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን የሚና ጨዋታ ከመጽሐፍም ሆነ ከስልክ የመጣ አይደለም፤ ዕቃቃ ነው። ገል ሳህን፣ ጭቃ ሊጥ፣ ጠጠር ከብት ይሆናል። ከልጆቹም አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ሌላው እንግዳ፣ ትንሹ ሕፃን ይሆናሉ። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ የተጫዋችና የገጸ ባሕርይ ዝምድና የሚመዘነው በተመረጠው ሚና ሳይሆን ተጫዋቹ ሚናውን አውልቆ ለመውጣት ባለው ነጻነት ነው የሚል ነው።

ምርጫው ከመነሻውም ሙሉ አይደለም። በመጀመሪያው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የገጸ ባሕርዩን ጥንካሬና ጥበብ የሚወስነው የሦስት ዳይስ ውርወራ ነበር፤ ተጫዋቹ የሚመርጠው ዕጣው ካደለው ላይ ነው። በዕቃቃ የዳይሱን ቦታ የሚይዙት ዕድሜ፣ ጾታና ዕቃውን ያመጣው ልጅ ሥልጣን ናቸው። ታላቅ እናት ትሆናለች፤ ታናሽ ሳይጠየቅ ሕፃን ይደረጋል። ይሁንና ታናሹም መሣሪያ አለው፦ «እምቢ፣ አልጫወትም» ማለት። ሕፃን የሌለው ቤት ጨዋታው ስለማያምር ታላላቆቹ ይለማመጡታል፤ ቀጥሎ አባት እንደሚሆንም ቃል ይገቡለታል። ስለዚህ የሚና ምርጫ የግል ፍላጎት መግለጫ ብቻ ሳይሆን የድርድር ውጤት ነው።

ሚናው ከተያዘ በኋላስ? ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ጨዋታ ባቀረበው ትምህርት የአምስትና የሰባት ዓመት እኅትማማቾች «እኅትማማች እንሁን» ብለው የተጫወቱበትን ምሳሌ ጠቅሷል። በዕለት ኑሯቸው ልብ ያላሉትን የእኅትነት ሕግ በጨዋታው ውስጥ ዐውቀው ጠበቁት። ቀኑን ሙሉ ታናሽ ወንድሟን አዝላ የዋለች የስማዳ ልጅ በዕቃቃ ደግሞ እናት ስትሆን ያንኑ ሸክም የደገመች ሊመስል ይችላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ በቤት ታዛዥ የነበረችው በጨዋታው አዛዥ ናት፤ እናትነት ምን እንደሚጠይቅም ከውጭ ሆና ታያለች።

ሶሺዮሎጂስቱ ጋሪ አለን ፋይን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት የሚና ተጫዋች በሦስት ደረጃዎች መካከል እንደሚመላለስ አሳይቷል፦ ሰው፣ ተጫዋችና ገጸ ባሕርይ። በዕቃቃ ይህ ምልልስ በጆሮ ይሰማል። «እናት» በጎርናና ድምፅ ስትቆጣ ቆይታ ድንገት በራሷ ድምፅ «አንተ እንግዳ ነህ፤ ሳትጋበዝ አትብላ» ብላ ታርማለች፤ ወዲያውም ወደ እናትነቷ ትመለሳለች።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ብቻ ሆኖ የማይቀረው እዚህ ላይ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ነፋስ መውጫ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታትም ለአካባቢው የሰላም ዓመታት አልነበሩም። እንዲህ ባለ ዘመን ያደገ ልጅ በትሩን ጠመንጃ ቢያደርግ አያስደንቅም። ትልልቆች ግን ሁለት መልስ ይሰጡታል፤ አንዱ ይገሥጸዋል፣ ሌላው «ጀግና!» ይለዋል። ሁለቱም ሚናውን ልጁ አድርገው ያዩታል። አሳሳቢው ውዳሴው ነው፤ ተግሣጽ ጨዋታውን ያቋርጣል እንጂ ልጁን በሚናው ውስጥ አያስቀረውም። ውዳሴ ግን መውጫውን ይዘጋል።

ልጆች ራሳቸው ከዚህ የተሻለ ሕግ አላቸው። ዕቃቃው ሲያበቃ መፍረሱን በቃል ያውጃሉ። ያን ጊዜ ዳኛውም ሌባውም፣ እናቲቱም ሕፃኑም እኩል ልጆች ናቸው። የጠላትነት ሚና ከገሉና ከጠጠሩ ጋር እዚያው ሜዳ ላይ ይቀራል።

ዕቃቃ ያለውን ሥርዓት ብቻ ይደግማል፣ ምድጃውን ለሴት፣ ዳኝነቱን ለወንድ ይሰጣል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው እውነት አለበት። መፍትሔው ግን ጨዋታውን መንቀፍ ሳይሆን ተራውን ማስከበር ነው፤ ሚና ሲዞር ሴቷም ትዳኛለች፣ ወንዱም ሊጥ ያቦካል።

ስለዚህ በገጠር ትምህርት ቤቶች የኦ ክፍል መምህራን ከፊደል ቆጠራው ጎን ለዕቃቃ ጊዜ ቢመድቡ፣ የሚና ዝውውሩንና የጨዋታውን መፍረስ ቢያስከብሩ ይጠቅማል። በደብረ ታቦርና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ማን ምን ሆነ የሚለውን በመዘርዘር ብቻ መወሰን የለባቸውም። ሚናውን ማን ሰጠ፣ ማን እምቢ አለ፣ ማን ተለዋወጠ፣ ጨዋታውስ እንዴት ፈረሰ የሚሉት ጥያቄዎች ስለ ልጁ ከሚናው ስም ይልቅ ብዙ ይናገራሉ። ወታደር ሆኖ የዋለ ልጅ ማታ በስሙ ሲጠራ «አቤት» የሚል ከሆነ ጨዋታው ሥራውን ሠርቷል።