ቺፑ አልጠፋም፤ ወረፋው ነው የረዘመው

ባለፈው ሳምንት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ እንዲህ የሚል መልእክት አየሁ፦ «ኢኤስፒ32 ያለው ሰው? አስቸኳይ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ነው። ዋጋ አያስጨንቅም»። ከሥሩ አሥራ ምናምን ሰው «እኔም እየፈለግኩ ነው» ብሎ ጽፏል። አንድ ሻጭ ብቅ አለና ዋጋ ጠራ። «ዋጋ አያስጨንቅም» ያለው ልጅ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

ሳቅኩ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም፤ ያንን መልእክት እኔም በ2014 ዓ.ም. ጽፌዋለሁ። የምፈልገው ቺፕ ስሙ ሌላ ነበር እንጂ ልመናው ያው ነው።

ማይክሮኮንትሮለር ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ አንድ ሥራ ብቻ ደጋግሞ የሚሠራ ሚጢጢ ኮምፒውተር ነው። ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አለ፣ ሪሞት ውስጥ አለ፣ መኪና ውስጥ ደግሞ በርካታ አለ። አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው የተማሪ ቦርድ ላይ ያለው ኤትሜጋ328ፒ ራሙ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። በስልካችሁ ያነሳችሁት አንድ ፎቶ እንኳ አይገባበትም። ሙቀት ለክቶ ማሞቂያ ለማብራትና ለማጥፋት ግን ይተርፋል።

የእኔም ነገር ማሞቂያ ነበር። ዶሮ የሚያረቡ አንዲት ጎረቤታችን በኅዳር ወር ጠሩኝና «ልጄ፣ ኤሌክትሪክ ነገር ታውቃለህ አሉ። የእንቁላል መፈልፈያዬን ሙቀት የሚቆጣጠር ነገር ትሠራልኛለህ?» አሉኝ። «እሠራለሁ እትዬ፣ ምን ችግር አለ» አልኩ። 3 ሺህ ብር ቀብድ ሰጡኝ። ሐሳባቸው ለፋሲካ ገበያ የሚደርስ ዶሮ ማውጣት ነው። እንቁላል 21 ቀን ሙሉ 37.5 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት፤ ሙቀቱ ከተዛባ ጫጩት የለም። ኮዱን በሁለት ማታ ጨረስኩት። የቀረኝ «ብሉ ፒል» የምንለው፣ ኤስቲኤም32 ቺፕ ያለበት ቦርድ ብቻ ነበር። ያ ቦርድ ከእጥረቱ በፊት ሁለት ዶላር አካባቢ የሚሸጥ ነው።

መርካቶ ወረድኩ። ሻጩ ቀና ብሎም አላየኝ፦ «ወንድሜ፣ እሱ ከጠፋ ቆየ»። ኦንላይን ስፈልግ ቺፑ ብቻውን፣ ቦርዱ ሳይጨመር፣ ከአሥር ዶላር በላይ ገብቷል። የውጭ አከፋፋዮች ገጽ ላይ «ከ52 ሳምንት በኋላ» ይላል። አንድ ዓመት! በመጨረሻ ዱባይ ያለው የአክስቴ ልጅ ከአንድ ኦንላይን ሻጭ አዘዘልኝና በሰው ሻንጣ እስኪደርሰኝ ሁለት ወር አለፈ።

ያኔ ቺፕ ከዓለም ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ ነገሩ ተቃራኒው ነው። የአሜሪካው የሴሚኮንዳክተር ኢንዱስትሪ ማኅበር ባወጣው አሃዝ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 1.15 ትሪሊዮን ቺፕ ተሽጧል፤ እስከዚያ ዓመት ድረስ ከተሸጠው ሁሉ ከፍተኛው። እኔ አንድ ቺፕ አጥቼ የተንከራተትኩት፣ በታሪክ ብዙ ቺፕ በተሸጠበት ሰሞን ነው ማለት ነው።

ታዲያ የት ገባ? ነገሩ የሚጀምረው ከመኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ መኪና አምራቾች «ማን መኪና ይገዛል?» ብለው የቺፕ ትእዛዛቸውን ሰረዙ። በዚያው ሰሞን ቤቱ የተቀመጠው ሕዝብ ላፕቶፕና ጌም መጫወቻ ገዛ፤ ፋብሪካዎቹም የተለቀቀውን ቦታ ለነዚያ ሰጡት። ከወራት በኋላ መኪና ፈላጊው ተመልሶ ሲመጣ ወንበሩ ተይዟል። በዚያ ላይ መከራ ተደራረበ። በየካቲት 2021 ቴክሳስ ላይ ብርዱ መብራት አጠፋና ኦስቲን ከተማ ያሉት የሳምሰንግ፣ የኤንኤክስፒና የኢንፊኒየን ፋብሪካዎች ቆሙ። በመጋቢት ደግሞ ጃፓን ውስጥ ናካ የሚገኘው የሬኔሳስ ፋብሪካ በእሳት ተያያዘ። የቺፕ ፋብሪካ እንደ ወፍጮ ቤት አይደለም፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት አይቀጥልም። በሂደት ላይ የነበረው ይበላሻል፣ አዲሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ማይክሮኮንትሮለር የሚሠራው ደግሞ ባብዛኛው በአሮጌዎቹ የማምረቻ መስመሮች ላይ ስለሆነ፣ እነሱን ለማስፋፋት ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ባለሀብት እንደ ልብ አይገኝም።

አሁን ወደ ወረፋው እንምጣ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ እ.ኤ.አ. በ2020 ካገኘው ገቢ ውስጥ ከመኪና ዘርፍ የመጣው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ግዙፎቹ ፎርድና ጂኤም ለቺፕ ፋብሪካው ትንሽ ደንበኛ ናቸው ማለት ነው! ፋብሪካቸውን እየዘጉ ጠበቁ። አሊክስፓርትነርስ የተባለው አማካሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 መኪና አምራቾች የሚያጡትን ገቢ 210 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ገምቶታል። እነሱ እንዲህ ከሆኑ፣ አንድ ቺፕ የሚፈልገው የእኛ ሰፈር ልጅ የወረፋው የት ጋ ነው ያለው? ሸማቾች ማኅበር ዘይት የመጣ ቀን በር ሊዘጋ ሲል የሚደርሰውን ሰው አስቡት።

ይህን በግልጽ የተናገረው ራስፕቤሪ ፓይ ነው። ኃላፊው ኤበን አፕተን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 እንደጻፈው፣ በወር ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ቦርድ እያመረቱ ነበር፤ ቅድሚያ የሚሰጡት ግን ምርታቸው በዚያ ቦርድ ላይ ለቆመ ድርጅቶች ነው። ለግለሰብ የሚሸጠው ትርፍራፊ ደግሞ ሱቅ ላይ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ አየር በአየር ነጋዴዎች ይጠርጉትና በእጥፍ መልሰው ይሸጡታል። ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። ቦርዱ ስም ያወጣው በተማሪና በትርፍ ጊዜው በሚሞክር ሰው ነው፤ ሲቸግር ወደ ኋላ የተገፋውም እሱ ሆነ። አሁን ሳስበው ግን እኔም እዚያ ቦታ ብሆን ሌላ ነገር የማደርግ አይመስለኝም። አርባ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ቦርድ ካጣ ይዘጋል፤ እኔ ባጣ እናደዳለሁ፣ በቃ።

ለነገሩ ወረፋውን ያረዘሙት ገዢዎቹም ናቸው። ዘይት ሊጠፋ ነው ሲባል አንድ ሊትር የሚበቃው ሰው አምስት ሊትር እንደሚሸከመው፣ ድርጅቶችም አንዱን ትእዛዝ ሁለትና ሦስት ቦታ እያስመዘገቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ነገሩ ሲገለበጥ ያ ሁሉ ቺፕ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሎ ተገኘ። እኔም ሃያ ቺፕ መሳቢያው ውስጥ የደበቀ ጓደኛ አለኝ። አሥራ ዘጠኙ ዛሬም እዚያው ናቸው።

ወደ ሻንጣው ልመለስ። ቦርዱ ደረሰኝ፣ ሰካሁት፣ ኮድ ልጭን ስል ሶፍትዌሩ እምቢ አለ። ፕሮግራም መጫኛው መጀመሪያ ቺፑን መለያ ቁጥሩን ይጠይቀዋል፤ የትክክለኛው ኤስቲኤም32 ቁጥር በ1 ይጀምራል፣ የእኔው በ2 ጀመረ። ላዩ ላይ የታተመው ስም የታወቀው ነው፣ ውስጡ ግን ሌላ ፋብሪካ የሠራው አስመስሎ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ፤ እንደ ጊጋዲቫይስ ያሉ የቻይና ድርጅቶች ጂዲ32 ብለው በራሳቸው ስም ተቀራራቢ ቺፕ ይሸጣሉ፣ እሱ ነውር የለበትም። ነውሩ የሌላውን ስም ለጥፎ መሸጡ ነው፤ በእጥረት ጊዜ ደግሞ ይህ ይበዛል። ማጣሪያውን ዘልዬ ኮዱን ጫንኩት፣ ሠራም። ግን የሙቀት ንባቡ አልፎ አልፎ ሁለት ዲግሪ ይዘላል። ጥፋቱ የቺፑ ይሁን የእኔ አበያየድ እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም። በሰው እንቁላል ቁማር አልጫወትም ብዬ ቀብዱን መለስኩ። እትዬ አልተቆጡኝም። «ግድ የለም ልጄ፣ የፋሲካው ገበያ ነው ያለፈኝ» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለተቀረው ዓለም ያ እጥረት እ.ኤ.አ. በ2023 ረገበ። ለእኛ ግን ከፋብሪካው ወረፋ በስተጀርባ ሌላ ወረፋ አለ፤ የዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አራት ዶላር የሚሸጠው ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይታሰብ ከ230 ብር ገደማ ወደ 400 ወጣ። ዋናው አምራች ሳንቲም አልጨመረም። በዚያው ሰሞን «5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» የሚባለው ሥልጠና ተጀመረ፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ኢንተርኔት ያለው ሁሉ ይማራል። ኮድ ድንበር ሲያልፍ ማንም አያስቆመውም። ቺፕ ግን ዕቃ ነው፤ ይፈተሻል፣ ይቀረጣል፣ ወይም የአክስት ልጅ ሻንጣ ውስጥ ካልሲ መሐል ተጠቅልሎ ይመጣል።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ወረፋ ተከፍቷል፤ የሚሞሪ። የኤአይ ዳታ ሴንተሮች ሚሞሪውን እየጠረጉት ነው። ማይክሮን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025 ለተራው ገዢ ይሸጥበት ከነበረው ክሩሻል ከሚባለው ንግዱ እንደሚወጣ አስታወቀ። ራስፕቤሪ ፓይም በዚያው ሰሞን ባለ 16 ጊጋባይቱን ፓይ 5 ከ120 ወደ 145 ዶላር አደረሰው። ይህ የስልካችሁንም ዋጋ የሚነካ ወሬ ነው። ማይክሮኮንትሮለር ላይ ግን በቀጥታ አይደርስም፤ እንደ ፒኮ ያሉት ራማቸው እዚያው ቺፑ ውስጥ ስላለ ከዳታ ሴንተሩ ጋር አይሻሙም። ስለዚህ መብራት ለማብራትና ለማጥፋት ፓይ 5 የምትገዙ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉ።

እኔ ከእንቁላሉ ነገር በኋላ አሠራሬን ቀየርኩ። ድሮ መጀመሪያ ቺፑን መርጬ፣ ለሱ ብቻ የሚሆን ኮድ ጽፌ፣ ከዚያ ፍለጋ እወጣ ነበር። አሁን መጀመሪያ ገበያውን አያለሁ፤ መርካቶ ምን አለ፣ ቴሌግራም ላይ ምን እየተሸጠ ነው። ኮዱን በአርዱዊኖ ላይብረሪ እጽፋለሁ፣ የፒን ቁጥሮቹን በሙሉ ፋይሉ አናት ላይ አስቀምጣለሁ። እንዲህ ከሆነ ከኡኖ ወደ ኢኤስፒ32 ወይም ወደ ፒኮ ለመዞር የምነካው ጥቂት መስመር ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ኡኖ በ5 ቮልት ነው የሚሠራው፣ ሁለቱ ግን በ3.3። 5 ቮልት የሚያወጣ ሴንሰር በቀጥታ ከሰካችሁባቸው ቺፑን ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። እኔ ሁለት አቃጥያለሁ፤ አንዱን እያወቅኩ፣ በችኮላ።

ቦርዱ እስኪገኝ ደግሞ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። ዎክዊ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ሦስቱንም ቦርዶች ከነሽቦአቸው አስመስላችሁ ኮዱን ማስኬድ ትችላላችሁ። ላፕቶፕ የሌላችሁ አርዱዊኖድሮይድ የሚባለውን አፕ ጭናችሁ፣ በኦቲጂ ኬብል ከስልካችሁ ወደ አርዱዊኖ ኮድ መላክ ይቻላል። አይመችም፣ ስክሪኑ ትንሽ ነው፣ ግን ይሠራል።

የግሩፑን ልጅ በውስጥ መስመር አዋራሁት። «ፕሮጀክቱ ምንድን ነው የሚሠራው?» አልኩት። የአፈር እርጥበት ለክቶ ፓምፕ የሚያስነሳ ነው። «ታዲያ ለዚህ ኡኖ ይበቃሃል እኮ፤ ዋይፋይ ምን ያደርግልሃል?»

«ብሮ፣ ኡኖማ ቤት አለኝ» አለኝ። «ችግሩ አማካሪያችን ያጸደቀው ርዕስ ላይ "አይኦቲ" የሚል ቃል አለበት፤ ዋይፋይ ከሌለው አያልፍም»።

ርዕሱን እንዲያስቀይር መከርኩት። እስከ ዓርብ ጠይቄ እነግርሃለሁ ብሎኛል። ኢኤስፒ32 ያላችሁ ግን ለማንኛውም ጻፉልኝ።